የተነሣው እሱ አልነበረም

ኖቬምበር 29 ቀን 2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) “ዘ ሀብ” በተባለ የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ “ትራንስፎርመርስ ፕራይም” የተሰኘ ተከታታይ ካርቱን መታየት ጀመረ። ገና በመጀመሪያው ክፍል አንድ ጀግና ይሞታል። ስሙ ክሊፍጃምፐር ነው፤ ቀይ፣ ቀልደኛ፣ ጠብ የማይፈራ ሮቦት። ጠላቶቹ ብቻውን አግኝተው ይይዙትና ስታርስክሪም የተባለው የጠላት አዛዥ በጥፍሩ ወግቶ ይገድለዋል። ወዳጆቹ አዘኑ፤ ለዘመናት አብራው የተዋጋችው አርሲ ከሁሉም ይልቅ አዘነች።

ከዚያ በኋላ በመቆጣጠሪያው ማሳያ ላይ የክሊፍጃምፐር የሕይወት ምልክት እንደገና በራ። ወዳጆቹ ተስፋ አድርገው ሮጡ። አርሲ ከማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ስታገኘው ግን ዐይኑ ሐምራዊ ሆኗል፣ ከአፉ የሚወጣውም የአውሬ ጉርምርምታ ነው። አካሉ የክሊፍጃምፐር ነው፤ እሱ ግን አልነበረም። የጠላቶቹ አለቃ ሜጋትሮን “ዳርክ ኤነርጆን” የተባለ ሐምራዊ ድንጋይ በሬሳው ደረት ላይ ሰክቶ አስነሥቶታል። እንዲህ ያሉት በድን ሮቦቶች “ቴረርኮን” የሚል ስም ወጣላቸው፤ ክሊፍጃምፐርም በዚሁ ስም መጫወቻ ሆኖ ተሸጠ።

ይህን ታሪክ በወጣቶች መጽሔት ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በፋሲካ ሰሞን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር ቀልድ አለ፤ ከሞት የተነሣውን ጌታ “ዞምቢ” እያለ የሚሳለቅ። አንዳንዶቻችሁ በትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ዶርም ሰምታችሁት ተቆጥታችሁ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችሁም ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ ጠፍቷችሁ ዝም ብላችኋል። በእኔ እምነት ቀልዱ ከቁጣ ይልቅ ታሪክ ነው የሚያስፈልገው። ዞምቢ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የልጆች መጫወቻ ውስጥስ እንዴት እንደገባ ያወቀ ሰው ቀልዱ የተሳሳተ ቦታ ላይ እንደተለጠፈ ያያል።

ከሁለት ቃላት እንጀምር።

“ሮቦት” የሚለው ቃል ከፋብሪካ አልመጣም። ከቲያትር መድረክ ነው የመጣው። የቼክ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 አንድ ተውኔት ጻፈ፤ በ1921 በፕራግ ለመድረክ በቃ። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ኩባንያ ሰው መሰል ሠራተኞችን እያመረተ ለዓለም ይሸጣል። የቻፔክ ሠራተኞች ብረት ለበስ አልነበሩም፤ በቤተ ሙከራ ከተቀመመ ሥጋ መሰል ነገር የተሠሩ ነበሩ። ለእነዚህ ፍጡራን ስም ሲፈልግ ወንድሙ ሠዓሊው ዮሴፍ “ሮቦት” በላቸው አለው። ቃሉ የወጣው “ሮቦታ” ከሚለው የቼክ ቃል ነው። ሮቦታ ገበሬው ለመሬቱ ጌታ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዳጅ ሥራ ነው። አያቶቻችን ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልጋቸውም፤ የባላባቱን ሁዳድ ያረሰ ገባር ሮቦታ ምን እንደሆነ ያውቃል። በቼክ ምድር ይህ ግዴታ የተሻረው በ1848 ነበር። ቻፔክ ሲጽፍ ገና የሰባ ዓመት ትዝታ ነው። እንግዲህ ሮቦት ማለት በትውልድ ስሙ ግዳጅ ሠራተኛ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል ከዚህ ይከፋል። “ዞምቢ” የሄይቲ ቃል ነው። ሄይቲ ቀድሞ ሳን ዶሚንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስትሆን ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች የሸንኮራ አገዳ የሚያጭዱባት ምድር ነበረች። ሥራው ሰው ይጨርሳል፤ የሞቱትን ለመተካት በየዓመቱ አዳዲስ ባሪያዎች በመርከብ ይመጡ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ሲሞቱ ነፍሳቸው ባሕሩን ተሻግራ “ጊኔ” ወደሚሏት ወደ አፍሪካ እንደምትመለስ ያምኑ ነበር። ሞት ለእነሱ የመጨረሻው የነፃነት በር ነው። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ከሁሉ የሚያስፈራው ተረት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ሞተህ እንኳ አትለቀቅም የሚል ተረት ነው። ጠንቋዩ ከመቃብር ያወጣሃል፤ ስምህን ረስተህ፣ ፈቃድህን ተነጥቀህ፣ ሌሊቱን በእርሻው ላይ ትሠራለታለህ። ዞምቢ ይህ ነው። ሰው አይበላም፣ አያሳድድም። ይሠራል። የሄይቲ ሰው የሚፈራው ዞምቢን አልነበረም፤ ዞምቢ መሆንን ነው።

የሄይቲ ባሪያዎች በ1791 ተነሡ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃ አገር መሆናቸውን አወጁ። ተረቱ ግን ቀረ። በ1915 የአሜሪካ ባሕር ወታደሮች አገሪቱን ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ መንገድ ለማሠራት የድሮ የግዳጅ ሥራ ሕግ ከመዝገብ አውጥተው ገበሬውን በኃይል ማሠራት ጀመሩ። ነፃ በወጣ ሕዝብ ላይ ሮቦታ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ተጓዥ በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ስለሚሠሩ ዞምቢዎች የሰማውን ጻፈ፤ ሆሊዉድም በ1932 “ነጭ ዞምቢ” የተባለውን ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም ውስጥ በድኖች የስኳር መፍጫ ሲያዞሩ ይታያሉ። አንዱ ወደ መፍጫው ይወድቃል፤ ሌሎቹ ዞር ብለው ሳያዩ ማዞራቸውን ይቀጥላሉ። የዞምቢ ፊልም ብዙ ተሠርቷል፤ የቃሉን እውነተኛ ትርጉም ከዚህች አጭር ትዕይንት በላይ ያሳየ ግን አለ ብዬ አላምንም።

ከዚያ በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ ዳይሬክተር የሞቱ ሰዎች ተነሥተው ሕያዋንን የሚበሉበት ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ “ዞምቢ” የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነሣም፤ ተመልካቹ ግን ስሙን ለጠፈላቸው። ጌታው ከታሪኩ ወጣ፣ እርሻውም ተረሳ፣ የቀረው የሚያሳድድ ሬሳ ሆነ። ዛሬ በስልካችሁ ጌም ላይ የምትተኩሱበት ዞምቢ የዚህ ፊልም ልጅ ነው።

ሁለቱ ቃላት የተገናኙት መጫወቻ ሱቅ ውስጥ ነው። የጃፓኑ ታካራ ኩባንያ ወደ መኪናና ወደ ሌላም ዕቃ የሚለወጡ ሮቦቶችን ያመርት ነበር። የአሜሪካው ሃስብሮ እነዚህን ገዝቶ በ1984 “ትራንስፎርመርስ” በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ከጃፓኖቹ መጫወቻዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው ሰው የሚቀመጥባቸው ማሽኖች ነበሩ። ሃስብሮ ግን ለኮሚክ መጽሐፍ አሳታሚው ማርቭል ለእያንዳንዳቸው ስምና ጠባይ እንዲያወጣላቸው አዘዘ፤ አብዛኛውን የሠራው ቦብ ቡዲያንስኪ የተባለ አርታኢ ነው። በየካርቶኑ ጀርባ ላይ የጥንካሬ፣ የብልሃት፣ የድፍረትና የሌላም ነጥብ ይታተም ነበር፤ ልጁ የሚያነበው አብሮ በመጣው ቀይ ላስቲክ ውስጥ አሻግሮ እያየ ነው። ማሽኖቹ ነፍስ ያላቸው ሆኑ። ይህ ትንሽ የንግድ ውሳኔ ይመስላል፤ የሚመጣው ሐዘን ሁሉ ግን ከዚህ ይጀምራል።

የአሜሪካ መንግሥት በዚያው በ1984 በልጆች ፕሮግራም ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ገደብ አነሣ። ስለዚህ መጫወቻ ሻጭ ኩባንያ ሙሉ ካርቱን አሠርቶ በየቀኑ ማሳየት ቻለ። ካርቱኑ ማስታወቂያ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ገደቡን በሕግ ሲመልስ ልጆቹ አድገው ነበር።

ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ የታየው ኦገስት 8 ቀን 1986 ነው። በዚያ ቀን የትራንስፎርመርስ የሲኒማ ፊልም ወጣ፤ ኦፕቲመስ ፕራይምም ሞተ። ኦፕቲመስ የጥሩዎቹ ሮቦቶች መሪ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ፒተር ከለን በቬትናም የተዋጋውን ወንድሙን አስቦ፣ ጉልበቱ የማያስጮኸው የዋህ አዛዥ አድርጎ ተጫውቶታል። ልጆች እንደ አባት ይወዱት ነበር። ኩባንያው ግን የ1984ቱን ምርት ከመደርደሪያ አንሥቶ የ1986ቱን ማስገባት ፈለገ፤ መሪው የአሮጌው ምርት አካል ስለሆነ መሄድ ነበረበት። በሲኒማ አዳራሹ ልጆች አለቀሱ፣ የተቃውሞ ደብዳቤም ለኩባንያው ጎረፈ። በዚያው ኩባንያ በሌላ ካርቱን ሊሞት የታሰበ አንድ ጀግና “ራሱን ስቶ ነው እንጂ አልሞተም” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የተረፈው ከዚህ ጩኸት የተነሣ ነው።

በዚያው መኸር ኦፕቲመስ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። የተመለሰው ግን እንደ ዞምቢ ነው። ጠላቶቹ ሬሳውን ከጠፈር መቃብሩ አውጥተው፣ ጠግነው፣ ወዳጆቹን ወደ ወጥመድ እንዲመራ አዘዙት። ሁሉም ደስ አላቸው፤ መሪነቱን መለሱለት፤ እሱም ወደ ጥፋት ይነዳቸው ጀመር። በመጨረሻ የቀድሞ ማንነቱ ለአፍታ ነቅቶ መርከቡን ብቻውን ወደ ወጥመዱ ነድቶ ወዳጆቹን አተረፈ፣ ሁለተኛም ሞተ። ለልጆች የተሠራ የ20 ደቂቃ ካርቱን ነው፤ ነገር ግን ለአባታቸው ደብዳቤ ለጻፉ ልጆች የተሰጠው መልስ አስደንጋጭ ነበር። “መልሱልን” ያሉት ሰው ፊቱ ብቻ ተመለሰላቸው። በ1987 ፌብሩዋሪ ላይ እውነተኛው ኦፕቲመስ፣ ትዝታውና ፍቅሩ ከእሱ ጋር፣ እንዲመለስ እስኪደረግ ድረስ ልጆቹ አላረፉም። የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ የሁለቱን መመለስ ልዩነት ያውቃል። ሥነ መለኮት ሳይማር ያውቃል።

በ1987 ቴረርኮን የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በሱቅ ታየ። ያኔ አምስት አስቀያሚ አውሬዎች ነበሩ፤ ባለ ሁለት ራስ ዘንዶ፣ ክንፋም አውሬና የመሳሰሉት ተገጣጥመው አቦሚነስ የተባለ አንድ ግዙፍ ይሆናሉ። ክፉዎች እንጂ በድኖች አልነበሩም። ስሙ በ2010 ወደ በድኖቹ ሲዛወር ግን የካርቱኑ ጸሐፊዎች፣ አስበውበትም ይሁን ሳያስቡት፣ ሁለቱን የድሮ ቃላት አጣመሩ። በድን ሮቦት ሁለት ጊዜ ባሪያ ነው። ሲፈጠር ለግዳጅ ሥራ የወጣ ስም ይዟል፤ ሲሞትም ሞት ነፃ አላወጣውም። ሮሜሮ ያስወጣው ጌታም ተመልሷል፤ ሜጋትሮን በምድር ላይ የተቀበሩ የጥንት ተዋጊዎችን በሙሉ በአንድ ሸለቆ ሲያስነሣ የሄይቲው ጠንቋይ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ቀልዱ እንመለስ።

መጽሐፍ ቅዱስ የበድን መነሣትን የማያውቅ መጽሐፍ አይደለም። በሕዝቅኤል 37 አጥንቶቹ ተገጣጥመው፣ ጅማትና ሥጋ ለብሰው፣ ቆዳም ተዘርግቶባቸው ነበር፤ ነቢዩ ግን እስትንፋስ እንዳልነበረባቸው ያስተውላል። ጌታ እዚያ ላይ አላቆመም። አካሉ የተሟላ፣ ሕይወት የሌለው ሠራዊት ለሜጋትሮን ይበቃዋል፤ ለእግዚአብሔር አልበቃውም፣ መንፈሱንም ላከ። አልዓዛርን ተመልከቱ (ዮሐ. 11)። ጌታ በስሙ ይጠራዋል። ከመቃብር ሲወጣም የመጀመሪያው ትእዛዝ ለቆሙት ሰዎች ነው፤ እስራቱን ፈትተው እንዲሄድ እንዲተዉት። በሄይቲው ተረት የተነሣው ሰው ወደ እርሻ ይነዳል፤ በቢታንያ የተነሣው ወደ ቤቱ ተለቀቀ፣ ከእህቶቹም ጋር ማዕድ ተቀመጠ።

ስለ ራሱ ስለ ጌታ ደግሞ ዮሐንስ ወንጌል 10፥18ን አንብቡ፤ ሕይወቱን ማንም እንደማይወስድበት፣ በፈቃዱ እንደሚያኖራትና መልሶ እንደሚያነሣት ይናገራል። ከዞምቢ ይህን ያህል የራቀ ነገር አላውቅም። ዞምቢ ሌላው ያስነሣዋል፣ ለሌላው ይሠራል፣ ስሙን አያውቅም። ክርስቶስ ግን በአትክልቱ ስፍራ ማርያምን በስሟ ጠራት፤ ያወቀችውም በዚያ ነው። ለደቀ መዛሙርቱ እጁንና እግሩን አሳያቸው፣ ዓሣም በላ። ሲያዩት እሱ ነበር። ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ የመስቀል ሞት በሮም መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የባሪያዎች ቅጣት ነበር። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 2 ጌታ የባሪያን መልክ እንደያዘ ሲጽፍ አንባቢዎቹ ይህን ያውቃሉ። እንደ ባሪያ ተሰቀለ፤ ሲነሣ ግን እንደ ባሪያ አልነበረም። የሳን ዶሚንግ የሸንኮራ እርሻ ሰዎች ሞት እንኳ ባርነትን ላያበቃ ይችላል ብለው ሲፈሩ የጠየቁት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነው። ሳላፍር የምናገረው፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህን ያስረዳኝ የሄይቲ ታሪክ ነው።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ያለ ካርቱን ከቤት ይውጣ ይላሉ። ለትንንሾቹ አስፈሪ መሆኑን አልክድም። ከእናንተ መካከል ያየው ግን መጨረሻውንም ቢያይ ይጠቅመዋል፤ የሜጋትሮን ነገር በ2010 አላለቀምና።

በታሪኩ መሠረት ሜጋትሮን ራሱ ድሮ በሳይበርትሮን ፕላኔት ለሌሎች መዝናኛ በጉድጓድ ውስጥ ይዋጋ የነበረ ነው። ጭቆናን ጠልቶ ተነሣ፤ ከዚያ ጨቋኝ ሆነ። ያንን ሐምራዊ ድንጋይም በራሱ ደረት ላይ ሰክቷል። በ2013 በተከታታዩ መጨረሻ ተገድሎ ወደ ምድር ውቅያኖስ ይወድቃል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በወጣው የማጠቃለያ ፊልም ላይ ድንጋዩ የሚመነጭበት ጥንታዊው የጥፋት ኃይል ዩኒክሮን ሬሳውን ከባሕር ሥር አስነሥቶ እንደ ልብስ ይለብሰዋል። ሙታንን ያስነሣ የነበረው አሁን የተነሣ በድን ሆነ። ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ይሰማል፤ እጁ ግን የሌላ ነው። ዩኒክሮን የጥንት አውሬዎችን አጥንት አስነሥቶ ሠራዊት ሲያደርግም ሜጋትሮን በገዛ አካሉ ውስጥ እስረኛ ነበር።

በመጨረሻ ነፃ ሲወጣ ተከታዮቹ እንደገና እንዲመራቸው ይጠብቃሉ። እሱ ግን ጭቆና ምን እንደሆነ አሁን እንደቀመሰው፣ ከእንግዲህ በማንም ላይ ሊጭነው እንደማይሻ ነግሯቸው ሠራዊቱን በትኖ ይሄዳል። ስታርስክሪም አላመነውም።

በዚሁ ፊልም ኦፕቲመስ ፕራይም የሳይበርትሮን አዲስ ትውልድ የሚወለድበትን ኃይል በራሱ ውስጥ ተሸክሟል፤ ኃይሉ ወደ ፕላኔቷ ጥልቅ ጉድጓድ ሊመለስ የሚችለው እሱ አብሮ ከገባ ብቻ ነው። ወዳጆቹ ሌላ መንገድ ይኖራል ብለው ለመኑት። ያዘዘው አልነበረም፤ ድንጋይ የሰካበትም የለም። ተሰናበታቸው፣ ወደ ጉድጓዱም ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ ከጥልቁ ብዙ ትናንሽ ብርሃናት ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።